በዲሴምበር ለገባ ገንዘብ ከኤፕሪል ጀምሮ የታሰበ ቅጣት

ማርች 2025 ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት የ2024 ታክሳቸውን ጨርሰው ሊልኩ ሲሉ ሶፍትዌሩ በ1040 ቅጽ (የዓመቱ የፌዴራል ታክስ ማስታወቂያ) መስመር 38 ላይ 173 ዶላር ጻፈባቸው። መስመር 38 የኢስቲሜትድ ታክስ (በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው በግምት እየተከፈለ የሚሄድ ታክስ) ቅጣት የሚሰፍርበት ቦታ ነው። ባልየው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ጃንዋሪ ላይ በቀኑ ከፍለን የለም እንዴ? ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

እውነቱን ነው። በቀኑ ከፍለዋል። ቅጣቱ አይገባቸውም ነበር። ግን ቅጣቱ በራሱ አይነሳም፤ ገንዘቡ መቼ መቼ እንደገባ በወረቀት ማሳየት የከፋዩ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ «ትንሽ ናት፣ ትሂድ» ብሎ ከፍሎ ያልፋል። እኔ ይህ ያናድደኛል። የሌለበትን ዕዳ የሚከፍል ሰው ማየት አልወድም፤ ገንዘቡ ቢያንስም እንኳ። ስለዚህ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ጉዳዩን ከነቁጥሩ አስቀምጣለሁ። ስማቸውን ትቻለሁ፣ ቁጥሮቹንም አጠጋግቻለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ ከየት መጣ

ሁለቱም ደሞዝተኞች ናቸው። በ2024 የሁለቱ ደሞዝ ተደምሮ 130,000 ዶላር ነበር። ከደሞዛቸው ለፌዴራል የተቆረጠው 11,600 ነው። ደሞዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚከፍሉት ታክስ 12,282 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 700 እንኳ አይሞላም። ከ1,000 ዶላር በታች ለቀረበት ሰው ደግሞ የኢስቲሜትድ ታክስ ቅጣት የሚባል ነገር የለም። እስከዚያ ድረስ ይህ ጉዳይ ደጃቸው ደርሶ የማያውቀው ለዚህ ነው።

በ2023 አከራይተውት የነበረ ታውንሃውስ ሸጡ። የዚያ ዓመት ታክሳቸው ወደ 38,000 ዶላር ደረሰ። ከሽያጩ የተረፋቸውን 250,000 ፌብሩዋሪ 2024 ላይ በአንድ ሚውችዋል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛበት) ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በፊት የነበራቸው ሌላ ፈንድም አለ፤ እሱ በዓመት አራት ጊዜ ዲቪደንድ፣ ማለትም የትርፍ ድርሻ፣ ይከፍላል።

አዲሱ ፈንድ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ቆየ። ዲሴምበር 17 ላይ ግን 3,000 ዶላር ዲቪደንድና 36,000 ዶላር የካፒታል ጌይን (ከአክሲዮን ሽያጭ የተገኘ ትርፍ) ክፍፍል አወጣ። ገንዘቡ ሁሉ ወዲያው በራሱ ተመልሶ የዚያው ፈንድ ድርሻ ተገዛበት። በእጃቸው አንድ ሳንቲም አልገባም።

ይህ ለአዲስ ሰው ግራ ነው። ፈንዱ ለዓመታት ይዟቸው የነበሩ አክሲዮኖችን ሲሸጥ ትርፉን ለባለድርሻዎቹ ማከፋፈል አለበት። የሚያከፋፍለው ደግሞ በዚያ ቀን ላለው ባለድርሻ ነው። አንተ የገባኸው ፌብሩዋሪ ላይ ይሁን፣ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ለፈንዱ ለውጥ የለውም። ክፍፍሉ በወጣበት ቀን የአንዱ ድርሻ ዋጋ በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ዲሴምበር 17 ላይ ከዲሴምበር 16 ይልቅ ሀብታም አልሆኑም። ግን 36,000 ዶላር የሚታሰብ ገቢ አላቸው። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ተመልሶ የገዛው 36,000 በመግዣ ዋጋቸው ላይ ይደመራል፣ ወደፊት ሲሸጡ በዚያ ላይ ድጋሚ አይከፍሉም። ፈንዱን የያዙት ከዓመት በታች ቢሆንም ክፍፍሉ እንደ ረጅም ጊዜ ትርፍ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ታክሱ በዝቅተኛው ተመን፣ በእነሱ ገቢ በ15 በመቶ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእነሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከሁሉ የታወቀው በ2021 መጨረሻ ቫንጋርድ የተባለው የፈንድ ኩባንያ ታርጌት ሪታየርመንት የሚባሉ የጡረታ ፈንዶች ያወጡት ክፍፍል ነው። ኩባንያው በዲሴምበር 2020 ለትልልቅ የጡረታ ዕቅዶች የተዘጋጀውን ርካሽ ፈንድ መግቢያ ከ100 ሚሊዮን ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር አወረደ። ብዙ ዕቅዶች ከተራው ፈንድ ወጥተው ወደዚያ ሄዱ። ተራው ፈንድ ለእነሱ ለመክፈል ንብረት ሸጠ፣ ትርፉም በቀሩት ላይ ወደቀ። በጡረታ ሒሳብ ሳይሆን ታክስ በሚከፈልበት ሒሳብ የያዙት ሰዎች ያልጠበቁት ዕዳ መጣባቸው። በጃንዋሪ 2025 ቫንጋርድ በዚህ ጉዳይ 106.41 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቷል።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን የያዘ ሰው ድርሻው ሲደርሰው ግብሩ ከምንጩ ተቆርጦለት ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን በትክክል ለሰጠ ነዋሪ ከዲቪደንድ ላይ ማንም ምንም አይቆርጥም። ሙሉው ይገባል፣ ታክሱን በጊዜው መላክ ያንተ ፈንታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ የለመዱት ሌላ ስለሆነ።

ቅጣቱ እንዴት ይታሰባል

የአሜሪካ ሕግ ታክስ ገቢው ሲገባ እየተከፈለ እንዲሄድ ይፈልጋል። ለዚህ አራት ቀኖች አሉ፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15። ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ ወደ ሰኞ ይገፋል። በአንዱ ቀን የጎደለ ካለ፣ እስኪከፈል ድረስ ወለድ የሚመስል ቅጣት ይቆጠርበታል። ተመኑ በ2024 ሙሉውን 8 በመቶ ነበር፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ 7 ወረደ።

ከቅጣት የሚያድኑ ሁለት መንገዶች አሉ። የዘንድሮውን ታክስ 90 በመቶ በአራቱ ቀኖች እያካፈሉ መክፈል አንዱ ነው። ሌላው ያለፈውን ዓመት ታክስ 100 በመቶ መክፈል ነው፤ ያለፈው ዓመት ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ ደግሞ 110 በመቶ። ለብዙ ሰው ሁለተኛው ይቀላል፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ይታወቃልና። ለእነዚህ ባልና ሚስት ግን ያለፈው ዓመት ቤት የሸጡበት ዓመት ነው። የ38,000 110 በመቶ 41,800 ይሆናል። ስለዚህ የቀራቸው የመጀመሪያው ነው።

የ2024 ታክሳቸው ሲሠራ 18,732 መጣ። የደሞዛቸው ታክስ 12,282፣ ዲቪደንዱና ክፍፍሉ ተደምረው 43,000፣ በ15 በመቶ 6,450። የ18,732 90 በመቶ 16,859 ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ለአራት እኩል ከፈለው፣ በእያንዳንዱ የክፍያ ቀን 4,215። ከደሞዝ የተቆረጠው 11,600ም ለአራት እኩል ይከፈላል፣ 2,900። በእያንዳንዱ ቀን 1,315 ጎደለ። ጉድለቱ እየተጠራቀመ ሴፕቴምበር ላይ 3,944 ደረሰ። ጃንዋሪ 14 ላይ 5,500 ሲከፍሉ ጉድለቱ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ ያለው ቅጣት ነው 173 ዶላሩ።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ኤፕሪል 15፣ 2024 ላይ ጎደለ የተባለው 1,315 ከየት የመጣ ነው? ዲሴምበር 17 ከሚወጣው ክፍፍል። ማለትም ገና ስምንት ወር ለቀረው፣ ፈንዱ ራሱ እንኳ ላላሰላው ገንዘብ ታክስ ኤፕሪል ላይ መከፈል ነበረበት ተባለ። ሕጉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሌላ ነገር እስካልተነገረው ድረስ ገቢው ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደገባ ይቆጥራል። 1099-ዲአይቪ (1099-DIV) የሚባለው የዲቪደንድ ወረቀት ደግሞ የዓመቱን ድምር ብቻ ይዞ ይመጣል። ሳጥን 1ሀ (1a) ላይ ዲቪደንድ 7,000፣ ሳጥን 2ሀ (2a) ላይ ክፍፍል 36,000። ቀን የለውም። የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ የሚደርሰውም ይኸው ድምር ነው።

ማስተካከያው ቅጽ 2210 ነው፣ በውስጡም ሰንጠረዥ ኤአይ (Schedule AI) የሚባለው ክፍል። እዚያ ላይ ገቢህን በገባበት ጊዜ ታስቀምጣለህ፣ ታክሱም በዚያ ልክ ለእያንዳንዱ የክፍያ ቀን ይሰላል።

ሩብ ያልሆኑ ሩቦች

ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው። ክፍያው አራት ጊዜ ስለሆነ ጊዜውም ሦስት ሦስት ወር ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ከጃንዋሪ እስከ ማርች 31 ነው። ሁለተኛው ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 31። ሦስተኛው ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 31። አራተኛው ሙሉው ዓመት። ሦስት ወር፣ አምስት ወር፣ ስምንት ወር፣ አሥራ ሁለት ወር። ሁሉም ከጃንዋሪ 1 ይጀምራሉ፣ ማለትም የተጠራቀመ ድምር ነው የሚገባው።

ለዲቪደንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ፈንድ የሚከፍለው በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። በተለመደው አቆጣጠር የጁን ዲቪደንድ የሁለተኛው ሩብ ነው። በሰንጠረዥ ኤአይ ግን ጁን 26 የገባ ገንዘብ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የለም፤ ክፍሉ ሜይ 31 ተዘግቷል። የሴፕቴምበሩም እንዲሁ ሦስተኛው ውስጥ አይገባም፣ አራተኛው ውስጥ ነው።

በየክፍሉ ያለው ድምር ከዚያ ወደ ዓመት ይባዛል። ማባዣዎቹ 4፣ 2.4፣ 1.5 እና 1 ናቸው። በተባዛው ገቢ ላይ የዓመት ታክስ ይሰላል። ከዚያ ታክስ ላይ እስከዚያ ቀን መከፈል ያለበት ድርሻ ይወሰዳል፦ 22.5 በመቶ፣ 45፣ 67.5፣ 90። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ታክስ ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው የተወሰነ መጠን) በየክፍሉ ሙሉውን ይገባል፣ ገቢው ዓመታዊ ሆኗልና። በ2024 ለባልና ሚስት 29,200 ነበር።

ባልየው የራሱ ማስታወሻ ነበረው። ጥሩ ልማድ ነው። በባንክና በብሮከሬጅ (አክሲዮንና ፈንድ የሚያገበያየው ድርጅት) ስቴትመንቱ ላይ ዲቪደንድ ባየ ቁጥር ቀኑንና መጠኑን በደብተር ይጽፋል። ደብተሩን ይዞ መጣ። አዲሱን ፈንድ ጨምሮ የዓመቱ ዲቪደንድ ድምር 6,900 ይላል። 1099ው ደግሞ 7,000። «መቶ ዶላር ነው የተሳሳትኩት፣ የሆነ ቦታ ረስቼ ይሆናል» አለኝ።

መቶ ዶላር አልረሳም ነበር። ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናየው ታሪኩ ሌላ ሆነ። በደብተሩ የመጀመሪያው መስመር ጃንዋሪ 3፣ 2024፣ 1,100 ዶላር ይላል። ቀጥሎ ማርች 27፣ 900። ጁን 26፣ 1,000። ሴፕቴምበር 25፣ 900። ዲሴምበር 17፣ ከአዲሱ ፈንድ 3,000። እሱ በእርግጥ ገንዘቡን ያየበት ቀን ይህ ነው። ከ1099ው ጀርባ ያለውን የዝርዝር ገጽ ስንከፍት ግን ጃንዋሪ 3 የለም። በምትኩ መጨረሻው ላይ በዲሴምበር 31፣ 2024 ቀን የተጻፈ 1,200 አለ፤ በደብተሩ ውስጥ የሌለ። ያ ገንዘብ ሒሳባቸው ውስጥ የገባው ጃንዋሪ 3፣ 2025 ነው።

ሕጉ ይህ ነው። አንድ ሚውችዋል ፈንድ በኦክቶበር፣ በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር ዲቪደንድ አውጆ፣ ባለድርሻዎቹንም በዚያው ወራት መዝግቦ፣ ገንዘቡን በሚቀጥለው ጃንዋሪ ቢከፍል፣ ባለድርሻው ዲሴምበር 31 እንደተቀበለ ይቆጠራል። የቆየው ፈንዳቸው የዓመቱን መጨረሻ ዲቪደንድ ሁልጊዜ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ የጃንዋሪ 2024ቱ 1,100 የ2023 ገቢ ነው፤ በዚያ ዓመት ታክስ ተከፍሎበታል። የጃንዋሪ 2025ቱ 1,200 ደግሞ የ2024 ነው። ይህ ለፈንዶችና ለሪል እስቴት ትረስቶች ነው። በቀጥታ የተያዘ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ዲቪደንድ ከሆነ የገባበት ቀን ይሠራል።

መቶ ዶላር ልዩነት ቢመስልም ጉዳቱ ቦታው ላይ ነው። ደብተሩን ይዘን ብንሄድ የመጀመሪያው ክፍል 2,000 ይሆን ነበር። በ4 ሲባዛ 8,000፣ ታክሱ 1,200፣ ከደሞዙ ታክስ ጋር 13,482። 22.5 በመቶው 3,033። ከደሞዝ የተቆረጠላቸው 2,900 ብቻ ነው፤ ጎደለ። በዝርዝሩ ገጽ ስንሄድ ግን ይህ አይመጣም። እዩት።

እስከ ማርች 31 የገባው ዲቪደንድ 900 ነው። በ4 ሲባዛ 3,600፣ ታክሱ 540። ከደሞዙ ታክስ 12,282 ጋር 12,822። 22.5 በመቶው 2,885። የተቆረጠው 2,900። በቂ ነው፣ 15 ዶላር ተርፎ።

እስከ ሜይ 31 አሁንም 900 ብቻ ነው። በ2.4 ሲባዛ 2,160፣ ታክሱ 324፣ በጠቅላላው 12,606። 45 በመቶው 5,673። እስከዚያ የተቆረጠው 5,800። በቂ ነው። የጁንን 1,000 እዚህ አስገብተን ቢሆን 5,835 ይመጣ ነበር፣ 35 ዶላር ይጎድላል። ጁን 26 የገባ ገንዘብ ጁን 15 ላይ ለሚከፈል ክፍያ እንዲቆጠር ማድረግ ደግሞ በራሱ ትርጉም የለውም።

እስከ ኦገስት 31 1,900። በ1.5 ሲባዛ 2,850። በዚሁ ስሌት እስከ ሴፕቴምበር የሚፈለገው 8,579 ነው፣ የተቆረጠው 8,700።

በመጨረሻ ሙሉው ዓመት። 43,000ው ሁሉ እዚህ ይገባል። የሚፈለገው 16,859 ነው። ከደሞዝ 11,600፣ ጃንዋሪ 14 ከከፈሉት 5,500 ጋር 17,100። በቂ ነው። ቅጣቱ ዜሮ ሆነ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ዘዴ ታክሱን አይቀንስም፣ ወደ ኋላ ነው የሚገፋው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ሳይከፈል የቀረው ሁሉ አራተኛው ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ለእነሱ የአራተኛው ክፍያ ብቻውን 8,280 ነበር። ጃንዋሪ 15ን ሳይከፍሉ አልፈው እስከ ኤፕሪል 15 ቢጠብቁ ኖሮ፣ በተለመደው ስሌት ቅጣቱ ወደ 265 ይደርስ ነበር፤ በሰንጠረዥ ኤአይ ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ያዳናቸው ሚስትየዋ ናት። የዲሴምበሩን የፈንድ ኢሜይል አንብባ፣ 36,000 የሚለውን አይታ፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ደውላ ጠየቀችኝ። ገንዘቡ ተመልሶ ፈንድ ስለገዛ 5,500ውን ከቁጠባቸው አውጥተው በአይአርኤስ ድረ ገጽ በቀጥታ ከፈሉ። ደረሰኙን አስቀመጠች።

ሶፍትዌሩ ላይ

ሶፍትዌሩ ሰንጠረዥ ኤአይን ይሠራል፣ ግን ሳይጠየቅ አይሠራም። የቅጣቱ ገጽ ላይ ገብቶ ገቢን በየጊዜው የማስቀመጥ ምርጫውን መምረጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ የገቢ ዓይነት አራት ባዶ ሳጥን ያወጣል። ባልየው ከእኔ በፊት እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር። ሳጥኖቹን ሲያይ ድምሩን ለአራት አካፍሎ 10,750 ሊጽፍ ነበር። እንደዚያ ከተሞላ ቅጹን መሙላቱ ትርጉም የለውም፤ ያው 173 ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንዳንዱ ሶፍትዌር የተጠራቀመውን ድምር ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ የዚያን ክፍል ብቻ። ሳጥኑ «ከጃንዋሪ 1 እስከ ሜይ 31» ካለ ድምሩ ነው፤ «ከኤፕሪል 1 እስከ ሜይ 31» ካለ የሁለቱ ወር ብቻ። ለእነሱ በመጀመሪያው ዓይነት 900፣ በሁለተኛው ዜሮ ነው የሚጻፈው። ይህን ሳያነቡ መሙላት ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል። የካፒታል ጌይን ክፍፍሉም ለብቻው ሳጥን አለው፤ ከዲቪደንዱ ጋር መደባለቅ የለበትም። በእነሱ በኩል ዲቪደንዱ በሙሉ በዝቅተኛው ተመን የሚታይ ስለነበር ሥራው ቀለለ። ከፊሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፈንዱ በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣውን መቶኛ በየክፍሉ ድምር ላይ ማዋል ይቻላል።

ደሞዙም ተከፋፍሎ ይገባል። ዘዴው ከተመረጠ ለሁሉም ገቢና ለአራቱም ክፍሎች ነው፤ ለዲቪደንዱ ብቻ ብሎ ነገር የለም። ደሞዛቸው ዓመቱን ሙሉ ያው ስለነበረ ይህ አላስቸገረም። ኖቬምበር ላይ ቦነስ ያገኘ ሰው ቢሆን ግን የደሞዝ ወረቀቶቹን ማውጣት ነበረበት። በመጨረሻ በቅጽ 2210 ክፍል 2 ላይ ሳጥን ሐ (C) ይመረጣል፣ ቅጹም ከነሰንጠረዡ ከ1040ው ጋር ይላካል። ስቴትመንቶቹ አይላኩም፣ ግን ቤት ይቀመጣሉ። የዝርዝሩን ገጽ ለብቻው አትመን ከደረሰኙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባነው።

ሰዎች «ለአይአርኤስ ደውልና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በላቸው፣ ይሰርዙልሃል» ሲሉ እሰማለሁ። ያ ምሕረት አለ፣ ግን ዘግይቶ ፋይል ላደረገ ወይም ዘግይቶ ለከፈለ ነው። ለኢስቲሜትድ ታክስ ቅጣት አይሠራም። ይህን ቅጣት የሚያስነሱት ጥቂት ምክንያቶች ናቸው፦ አደጋ ወይም ሌላ ከባድ ሁኔታ፣ ከ62 ዓመት በኋላ ጡረታ መውጣት፣ የአካል ጉዳት። አለማወቅ ከእነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ተሰልፎ ከመዋል ቅጹን መሙላት ይሻላል።

ሜሪላንድ የራሱ ቅጽ አለው፣ 502ዩፒ። የፌዴራሉ ዜሮ መሆኑ የስቴቱን አያዘጋም፣ ለየብቻ ነው የሚሠራው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ክፍያው እኩል አራት አይደለም፤ 30 በመቶ፣ 40 በመቶ፣ ዜሮ፣ 30 በመቶ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የመረጡት

ሳይጨነቁ መኖር ከፈለጉ አንዱ መንገድ ግልጽ ነበር። የ2024 ታክሳቸው 18,732፣ ገቢያቸውም 173,000 ስለሆነ 110 በመቶው 20,605 ነው። በ2025 ይህን ያህል ቢከፍሉ ፈንዱ ምንም ቢያወጣ ቅጣት አይነካቸውም። ግን 9,000 ዶላር ተጨማሪ ከደሞዝ ማስቆረጥ ነው። ፈንዱ በ2025 ምንም ላያወጣ ይችላል። ልጃቸው ኮሌጅ ሊገባ ነው። እኔም አልመከርኳቸውም።

የመከርኩት ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ከደሞዝ የሚቆረጥ ታክስ መቼም ይቆረጥ፣ ሕጉ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተቆረጠ ይቆጥረዋል። በዲሴምበር የመጨረሻው ደሞዝ ላይ 4,000 ዶላር ቢቆረጥ 1,000ው ኤፕሪል ላይ እንደተከፈለ ነው። በራስ ከሚላክ ክፍያ የሚለየው ይህ ነው፤ የሚላከው ክፍያ የሚቆጠረው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህን ለማድረግ ደብልዩ-4 የሚባለውን ቅጽ ለመሥሪያ ቤት መስጠት፣ በመስመር 4ሐ (4c) ላይ ከእያንዳንዱ ደሞዝ ተጨማሪ እንዲቆረጥ የሚፈለገውን መጻፍ ነው። እንዲህ ከተደረገ ሰንጠረዥ ኤአይ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።

የፈንድ ኩባንያዎች የዓመቱን መጨረሻ ክፍፍል ግምት አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበርና በኖቬምበር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ለአንድ ድርሻ ስንት ዶላር እንደሚሆን ይጻፋል፤ በእጅ ባለው ድርሻ ማባዛት ብቻ ነው። ሚስትየዋ የምትሠራበት ሆስፒታል የደሞዝ ክፍል ደብልዩ-4 ለመለወጥ ስንት ቀን እንደሚወስድበት ጠየቀች። አንድ የደሞዝ ጊዜ አሏት። ስለዚህ ግምቱ ኖቬምበር ላይ ከወጣ፣ ቢያንስ ሁለት ደሞዝ ይቀራታል። የዲሴምበር 31 ዲቪደንድም እንዳይረሳ ባልየው በደብተሩ ላይ ከቀኑ አጠገብ አንድ ረድፍ ጨመረ፣ ገንዘቡ የየትኛው ዓመት ገቢ እንደሆነ የሚጻፍበት። ፈንዱን ራሱን ታክስ ወደማይከፈልበት የጡረታ ሒሳብ እንዲያዛውሩት ጠይቀውኝ ነበር፤ እንዳለ አይዛወርም፣ መሸጥ ይጠይቃል፣ ወደዚያም በዓመት የሚገባው ገንዘብ ገደብ አለው። ተመልሶ የመግዛቱን ምርጫ ግን አጠፉት። ከእንግዲህ ክፍፍሉ በጥሬ ገንዘብ ይመጣል፣ የጃንዋሪው ክፍያም ከዚያው ይወጣል።